የካንሰር ተመራማሪን የኅትመት መዝገብና የጥቅስ ክብደት እንዴት እንመርምር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመምህራንን የማዕረግ ዕድገት የሚመዝን አንድ ኮሚቴ፣ በማኅፀን በር ካንሰር ላይ የሚሠሩ የአንድ መምህር የኅትመት ዝርዝር እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። ጎጃም ውስጥ በሚገኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። ነገሩ የግማሽ ቀን ሥራ መሰለኝና የመምህሩን ስም የምርምር ጽሑፎችን በሚፈልገው ጉግል ስኮላር ላይ ጽፌ የወጣውን ሁሉ ገልብጬ ሰጠሁ። ኮሚቴው ፊት ሲነበብ ከ30ዎቹ ጽሑፎች 11ዱ ስለ በቆሎ አገዳ ቆርቋሪ ሆነው ተገኙ። ስማቸው በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከመምህሩ ስም ጋር አንድ የሆነባቸው የአንድ ሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሥራዎች ነበሩ። መምህሩ ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እንዲህ ያለ ዝርዝር በእጄ ሳላጣራ ሰጥቼ አላውቅም።

ይህ መመሪያ ከዚያ ወዲህ የምከተለው አካሄድ ነው። ጥቅስ የምለው ሌሎች ጸሐፊዎች አንድን ጽሑፍ በምንጭነት መጥቀሳቸውን ነው። የዕድገት ፋይሉን ለሚያዘጋጅ ተመራማሪ፣ ፋይሉን ለሚመዝን ኮሚቴ እና አማካሪ ለሚፈልግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ያገለግላል። ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃል። ጊዜውን ግን አያሳንሱት፤ 40 ያህል ጽሑፎች ላሉት ሰው ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ይያዙ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ስሙን ማጥራት

የዚህ ሥራ ግማሹ ስም ነው። የኅትመትና የጥቅስ መዝገብ የሚይዙት የውጭዎቹ የመረጃ ቋቶች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው፤ እኛ ያለን የአባት ስም ነው። ስለዚህ ቋቱ የአባትን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ይይዝና የሰውየውን የራሱን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥረዋል። አባታቸው ከበደ የሚባል፣ የራሳቸው ስም በ«አ» የሚጀምር ሰዎች ሁሉ፣ አለሙም አስቴርም አንተነህም፣ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። አንዳንዱ ደግሞ ለአንዱ ጆርናል እስከ አባቱ፣ ለሌላው እስከ አያቱ ጽፎ ይልካል። ያን ጊዜ አንዱ ሰው ለሁለት ይከፈልና ጥቅሱም አብሮ ይከፈላል።

እንደ ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ጊዮርጊስ ያሉ ስሞች የበለጠ ያስቸግራሉ። አባታቸው ኃይለ ማርያም የሆነ ሰው ስሙን ለሁለት ከፍለው ከጻፉ ቋቱ «ማርያም»ን ብቻ የቤተሰብ ስም ያደርግና «ኃይለ» ወደ አንድ ፊደል ይወርዳል። ገጥመው ሲጽፉት ደግሞ ሌላ ሰው ሆነው ይቆጠራሉ። ጸሐይ በላቲን ፊደል በ«ቲ» እና «ኤስ» ጥምር ሊጀምር ይችላል፣ በ«ኤስ» ብቻም እንዲሁ። በ«ነህ» የሚያልቁት ስሞቻችን መጨረሻ ላይ ያለው «ኤች» አንዴ ይኖራል፣ አንዴ ይጠፋል።

ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመርዎ በፊት በወረቀት ላይ ስሙ ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ ይዘርዝሩ። ተመራማሪውን የሚያውቁት ከሆነ ራሱን ይጠይቁት፤ የመጀመሪያ ጽሑፉ ላይ ስሙን እንዴት እንደጻፈ ብዙ ጊዜ ራሱም ረስቶታል። ተቋሙንም በየአጻጻፉ ይፈልጉ። «ደብረ ማርቆስ» በአንድ ቃልም በሁለት ቃልም ይገኛል። ባሕር ዳር የሚሠራ ሐኪም አንዴ በዩኒቨርሲቲው፣ አንዴ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ስም ይጽፋል። ሁለተኛ ዲግሪውን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የሠራ ከሆነ የዚያ ዘመን ጽሑፎቹ በእነዚያ ተቋማት ስም ነው የሚገኙት። ፐብመድ የተባለው የሕክምና ጽሑፎች ቋት ደግሞ ከ2014 በፊት የመጀመሪያውን ደራሲ አድራሻ ብቻ ይመዘግብ ነበርና፣ ለቆየ ጽሑፍ በተቋም ስም የሚደረግ ፍለጋ ሁለተኛና ሦስተኛ ደራሲ የነበረውን ሰው ያስቀርብዎታል።

ኦርኪድ የሚባለው ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር በ2012 ሥራ የጀመረው ይህን ጣጣ ለማቃለል ነው። ምዝገባው በነጻ ነው፣ ቡና አፍልቶ አቦሉን ከማቅረብም ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ሆኖም ገጹን የሚሞላው ባለቤቱ ነው። ቁጥሩን አውጥተው ገጹን ባዶ የተዉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ስለዚህ ኦርኪድ ላይ ያለውን እንደ መነሻ ይውሰዱት እንጂ እንደ ሙሉ ዝርዝር አይቁጠሩት።

አጠራጣሪ ጽሑፍ ሲገኝ ሦስት ነገር ይታያል፦ አብረው የጻፉት ሰዎች እነማን ናቸው፣ የኢሜይል አድራሻው የማን ነው፣ ርእሱ ከሌሎቹ ሥራዎች ጋር ይሄዳል ወይ? ሁለቱ ካልገጠሙ ያውጡት።

ሁለተኛ፦ ሠንጠረዡን መሥራት

ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ረድፍ ይስጡ። ዓምዶቹ ርእስ፣ ጆርናል፣ የኅትመት ጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የጽሑፉ ዓይነት፣ የደራሲው ተራ፣ የዲ.ኦ.አይ. ቁጥር (የጽሑፉ ቋሚ መለያ)፣ ከየቋቱ የተገኘ የጥቅስ ብዛትና ቁጥሩ የተወሰደበት ቀን ናቸው። የመጨረሻውን አይዝለሉት። ቀን የሌለው የጥቅስ ቁጥር በሦስተኛው ወር ማንም የማያምነው ይሆናል።

ሁለቱንም አቆጣጠር ያልኩት በከንቱ አይደለም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የወጣ ጽሑፍ በአውሮፓው 2023 ነው፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የወጣው ግን 2024 ነው። የማዕረግ ዕድገት ደንቡ በዓ.ም.፣ ጆርናሉ በአውሮፓው ሲቆጥር አንድ ጽሑፍ ከማዕረግ በፊት ወይም በኋላ መውጣቱ በዚህ ልዩነት ብቻ ሊያከራክር ይችላል።

ፍለጋውን ከፐብመድ ይጀምሩ። ቀጥሎ ጥቅስ የሚቆጥሩት ቋቶች ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ በመጨረሻ ጉግል ስኮላር ይምጣ። ተቋምዎ ለስኮፐስ ደንበኛ ባይሆንም የደራሲውን ገጽ በነጻ በቅድመ እይታ ማየት ይቻላል። ሙሉ ጽሑፍ ለማንበብ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ያስጀመረው ሂናሪ አለ፤ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍትዎ ይጠይቁ። ጉግል ስኮላርን ወደ መጨረሻ የገፋሁት ስለማይመርጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ፕሪፕሪንት (ገና ያልተገመገመ ጽሑፍ)፣ በዩኒቨርሲቲ ማከማቻ የተቀመጠ ሪፖርት ሁሉ ይቆጥራል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከሌሎቹ ይበልጣል፤ አንዱን ጽሑፍ በሁለት ርእስ ሁለቴ የሚቆጥርበትም ጊዜ አለ። ይህ ሁልጊዜ ጉድለት ነው አልልም። በአገር ውስጥ ጆርናሎች የወጣ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እርሱ ላይ ብቻ ነውና።

በካንሰር ዘርፍ «የጽሑፉ ዓይነት» የሚለውን ዓምድ በጥንቃቄ ይሙሉት። ትልልቅ የካንሰር ጉባኤዎች የሚቀርቡላቸውን አጭር መግለጫዎች በታወቁ ጆርናሎች ተጨማሪ እትም ላይ ያወጣሉ። የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ መግለጫዎች የሚወጡት በጆርናል ኦፍ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ተጨማሪ እትም ነው። አንድ ሰው «በዚህ ጆርናል አሳትሜያለሁ» ሲል አልዋሸም። ነገር ግን የ300 ቃላት መግለጫ ሙሉ የምርምር ጽሑፍ አይደለም። ተጨማሪ እትም መሆኑን ካዩ በዚያው ረድፍ ላይ «መግለጫ» ብለው ይጻፉ። የጆርናል ስም ለውጥም ያሳስታል፤ ጆርናል ኦፍ ግሎባል ኦንኮሎጂ ይባል የነበረው ከ2020 ጀምሮ ጄ.ሲ.ኦ. ግሎባል ኦንኮሎጂ ሆኗል። ሁለቱን እንደ ሁለት ጆርናል የቆጠረ ሰው አይቻለሁ።

አንድ ሌላ ዓምድ ደግሞ ከልምድ የጨመርኩት አለ፦ የናሙና ብዛትና መረጃው የተሰበሰበበት ወር። በአገራችን የጤና ምርምር የሚያውቅ ሰው 422 የሚለውን ቁጥር ሲያይ ፈገግ ይላል፤ ከተለመደው የናሙና ብዛት ቀመር የሚወጣው 384 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር የሚገኝ ነው። እነዚያው 422 ሴቶች፣ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው ሁለት ወር ውስጥ ተጠይቀው አንዱ ጽሑፍ ስለ ዕውቀታቸው፣ ሌላው ስለ አመለካከታቸው፣ ሦስተኛው ምርመራ ስለማድረጋቸው ሆኖ ሲወጣ፣ ዝርዝሩ ላይ ሦስት ነው፤ ሥራው ግን አንድ ነው። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቃል ለውጦ ያቀረበ ተማሪ አይወደስበትም። ኮሚቴዎቻችን የዚያን ጆሮ ግማሽ ቢኖራቸው እላለሁ።

ሦስተኛ፦ የደራሲው ተራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እጅግ ብዙ ደራሲዎች ያሏቸው (የብዙኃን) ጽሑፎች

በሕክምናና በጤና ሳይንስ የመጀመሪያው ስም ሥራውን በዋናነት የሠራው ሰው፣ የመጨረሻው ደግሞ የመራው ነው ተብሎ ይታሰባል። እኛ ዘንድ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም። ከማስተርስ ጥናት የወጣ ጽሑፍ ከሆነ ተማሪው ቀድሞ፣ አማካሪዎቹ ተከትለው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስታቲስቲክሱን የረዳ ባልደረባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከጽሑፉ መጨረሻ ያለውን የደራሲዎች ድርሻ መግለጫ ያንብቡ። ማን ነደፈ፣ ማን መረጃ ሰበሰበ፣ ማን ተነተነ፣ ማን ጻፈ የሚለውን ይናገራል። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለደራሲነት የሚያስቀምጣቸው መስፈርቶች አራት ናቸው፤ በንድፍ ወይም በመረጃ ላይ ጉልህ ድርሻ፣ መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ኃላፊነት መውሰድ። አራቱም በአንድነት መሟላት አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሲያትል ባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጤና መለኪያና ግምገማ ተቋም የሚመራው የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት በመቶዎች የሚቆጠሩ ተባባሪ ደራሲዎች ያሉበት ነው። የካንሰር ውጤቶቹ በጃማ ኦንኮሎጂ ሲወጡ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ስሞችም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጥቅስ ሊያገኝ ይችላል፤ ያ ሁሉ ጥቅስ በእያንዳንዱ ተባባሪ ስም ላይ ሙሉ በሙሉ ይመዘገባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት እዚህ በደንብ ይሠራል። ችግሩ የጥቅስ ቆጣሪው ለሃምሳውም ሰዎች ሃምሳ ሃምሳ ሎሚ አድርጎ መቁጠሩ ነው።

ይህን የምለው ተባባሪዎቹን ለማቃለል አይደለም። ረቂቅ አንብቦ አስተያየት መስጠት፣ የአገርን መረጃ ማስተካከል ሥራ ነው። ነገር ግን በሁለት መስመር ይለዩት። ለምሳሌ ያህል አንድ ተመራማሪ በጠቅላላው 4,310 ጊዜ ተጠቅሶ፣ ሦስቱ የብዙኃን ጽሑፎች ሲቀነሱ 103 ቢቀረው፣ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። አንዱን ብቻ ማቅረብ በየትኛውም አቅጣጫ ማሳሳት ነው። እኔ የብዙኃን ጽሑፍ የምለው ከ50 በላይ ደራሲዎች ያሉትን ነው። ወሰኑ የራሴ ነው፤ እርስዎ ሌላ ቢያደርጉት ሠንጠረዡ ላይ ይግለጹት።

አራተኛ፦ ቁጥሮቹን ማስላት

የጽሑፍ ብዛትንና ጥቅስን በአንድ ቁጥር የሚያጣምረውን ኤች ኢንዴክስን በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ጽሑፎቹን ከብዙ ጥቅስ ወደ ትንሽ ይደርድሩ፤ የተራ ቁጥሩ ከጥቅሱ እስከማይበልጥበት ድረስ ይውረዱ። ጥቅሶቹ 41፣ 23፣ 12፣ 9፣ 6፣ 5፣ 5፣ 2፣ 0 ቢሆኑ አምስተኛው 6 ጊዜ ተጠቅሷልና ያልፋል። ስድስተኛው 5 ብቻ ስለሆነ አያልፍም። ስለዚህ ኤች ኢንዴክሱ 5 ነው። ጉግል ስኮላር የሚያሳየው አይ10 ደግሞ ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱት ብዛት ነው፤ እዚህ 3።

የመጀመሪያው ጽሑፍ በ41 ፈንታ 400 ጊዜ ቢጠቀስም ኤች ኢንዴክሱ 5 እንደሆነ ይቆያል። ይህ ለብዙኃን ጽሑፎች በመጠኑ መከላከያ ሲሆን፣ አንድ ትልቅ ሥራ ብቻ ላለው ሰው ግን በደል ነው። ሌላው ጠባዩ ፈጽሞ አለመቀነሱ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ኤች ኢንዴክስ ቆሞ እንኳ ያድጋል። ስለዚህ ጀማሪና አንጋፋ ሲወዳደሩ ሂርሽ ራሱ እንዳቀረበው ለዓመታት ያካፍሉት፤ ከመጀመሪያው ኅትመት 8 ዓመት ሆኖት 5 ያለው ሰው 0.6 ያህል አለው።

አምስተኛ፦ ከማን ጋር ነው የምናወዳድረው?

የካንሰር ምርምር አንድ እርሻ አይደለም። ሕዋስ ላይ የሚሠራው፣ መድኃኒት የሚሞክረው፣ የሕሙማን ካርድ አገላብጦ ዕድሜና ደረጃ የሚያሰላው፣ በወረዳ ጤና ጣቢያ እናቶችን ስለ ማኅፀን በር ምርመራ የሚጠይቀው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ከአካባቢያችን ወደ እኔ የሚመጡት ፋይሎች አብዛኞቹ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓይነቶች ናቸው። እነዚህ የሚጠቀሱት በአብዛኛው በተመሳሳይ አገር ጥናቶችና በሜታ አናሊሲስ (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ በሚያሰላ ጥናት) ነው።

ስኮፐስ በመስክ የተመዘነ የጥቅስ ክብደት የሚባል መለኪያ አለው። 1.00 ማለት በመስኩ፣ በዓመቱና በጽሑፉ ዓይነት የዓለም አማካይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በነጻ የሚያቀርቡት አይሳይት ደግሞ አንጻራዊ የጥቅስ ምጣኔ ይሰጣል። እዚያ 1.0 የእነርሱ ገንዘብ የተሰጠው መካከለኛ ጽሑፍ ነው፣ የሚሠራውም ፐብመድ ላይ ላሉ ጽሑፎች ብቻ ነው። ከደብረ ማርቆስ በራስ ወጪ ተሠርቶ 0.7 ያገኘ ጥናት በእኔ ዓይን ደካማ አይደለም።

የጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር ለሰውየው አይስጡት። ይህ ቁጥር አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ያሳያል፤ ስለ እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። ሲኤ የሚባለው የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ጆርናል በአንዳንድ ዓመታት ከ500 በላይ ደርሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዓመቱን የካንሰር አኃዞችና የግሎቦካንን ዓለም አቀፍ የካንሰር ግምት ያወጣል፣ ስለ ካንሰር የሚጽፍ ሰው ሁሉ ደግሞ መግቢያው ላይ እርሱን ይጠቅሳል። የእኛ ተማሪዎች የጥናት ንድፍ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከዚያ የተወሰደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2012 የተረቀቀው የሳንፍራንሲስኮ መግለጫ ተመራማሪን በጆርናል ኢምፓክት ፋክተር መመዘን እንዲቀር የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስድስተኛ፦ ጥቅሱን መክፈትና ማንበብ

ይህን እርምጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው እርሱን ነው። ከዝርዝሩ ዋና ዋና ሦስት ጽሑፎችን ይምረጡ፤ የጠቀሷቸውን 10 ጽሑፎች ይክፈቱና ጥቅሱ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ያንብቡ። አንዳንዱ «ተመሳሳይ ውጤት በኢትዮጵያም ተገኝቷል» ብሎ ከስድስት ሌሎች ጋር በአንድ ቅንፍ የሚያልፍ ነው። አንዳንዱ መጠይቁን ወስዶ በሌላ አገር የተጠቀመበት ነው፤ ይህ ክብደት አለው። አልፎ አልፎም «ውጤቱ ሊደገም አልቻለም» የሚል ይገኛል። በታሪክ እጅግ ብዙ ጊዜ ከተጠቀሱት አንዱ ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ በ1951 ያወጡት የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ነው፤ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። የተጠቀሰው ስለሚያገለግል ነው፤ ካንሰርን በሚመለከት አዲስ ሐሳብ ስላመጣ አይደለም።

ራስን መጥቀስን ለይተው ይቁጠሩ፤ ስኮፐስ ላይ እርሱን የሚያስወጣ ምርጫ አለ። የቀድሞ ሥራውን የቀጠለ ሰው ራሱን መጥቀሱ ተፈጥሯዊ ነው። ግማሹ ጥቅስ ከራሱ ከሆነ ግን ይጠይቁ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ በደስታ የሚያስታውቁት የስታንፎርዱ የጆን ዮአኒዲስ በጥቅስ የላይኛው 2 በመቶ ተመራማሪዎች ዝርዝርም ራስን መጥቀስ ሲጨመርና ሲቀነስ ያለውን ደረጃ ለየብቻ ያሳያል። የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ አንብቦ ባነር መስቀል የተለመደ ነው።

ሰባተኛ፦ ጆርናሉና የተሰረዙ ጽሑፎች

ገንዘብ ተቀብለው ያለ እውነተኛ ግምገማ የሚያትሙ ጆርናሎች በኢሜይል ሳጥናችን ሞልተዋል። ጽሑፉ የተላከበትንና የተቀበሉበትን ቀን ይመልከቱ፤ በአምስት ቀን ውስጥ ተገምግሞ የጸደቀ የካንሰር ጥናት ያጠራጥራል። ጆርናሉ በስኮፐስ ወይም በሜድላይን (የፐብመድ ዋና ክፍል) መዝገብ መኖሩን ሲያጣሩ ጽሑፉ በወጣበት ዓመት መኖሩን ይዩ። ዛሬ ከመዝገቡ የወጣ ጆርናል ያን ጊዜ ደኅና ሊሆን ይችላል፣ የዚህም ተቃራኒ ይሆናል።

በመጨረሻም የእያንዳንዱን ጽሑፍ ርእስ ከታተሙ በኋላ የተሰረዙ ጽሑፎችን በሚይዘው የሪትራክሽን ዎች የመረጃ ቋት ውስጥ ይፈልጉ፤ ከ2023 ጀምሮ የዲ.ኦ.አይ. ቁጥሮችን በሚመዘግበው ክሮስሬፍ በኩል ለሁሉም ክፍት ነው። በዚያው ዓመት ሂንዳዊ በተባለው አሳታሚ ጆርናሎች ብቻ ከ8 ሺህ በላይ ጽሑፎች ተሰርዘዋል። እዚያ ማሳተም በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ ንጹሕ ሥራም ወጥቶበታል። ነገር ግን ሳይፈትሹ ማለፍ አይገባም።

ስምንተኛ፦ ጥቅስ የማያየው

ቆጣሪው የማይደርስበት ሥራ አለ። በጥቁር አንበሳ በ2011 የተጀመረውን የአዲስ አበባ ካንሰር መዝገብ የመሰለ መዝገብ ዕለት በዕለት የሚሞላ ባለሙያ ስሙ በጽሑፍ ላይ ላይኖር ይችላል። በታኅሣሥ 2018 የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር በየወረዳው ያስተባበረ ሰውም እንዲሁ። ተመራማሪው ሥራው ፖሊሲ ላይ ተጠቅሷል ካለ ሰነዱን ይጠይቁት። የ2016–2020ውን ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ ከፍቶ በስሙ መፈለግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካለ ገጹን ይጻፉ፤ ከሌለ አይጻፉ።

ዘጠነኛ፦ ሪፖርቱን መጻፍ

ሪፖርቱ ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ሠንጠረዡ ከኋላ ይያያዝ። አጻጻፉ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ «ተመራማሪዋ ከ2017 እስከ 2025 ድረስ 22 ሙሉ የምርምር ጽሑፎችና 4 የጉባኤ መግለጫዎች አውጥተዋል። በ9ኙ የመጀመሪያ፣ በ5ቱ የመጨረሻ ደራሲ ናቸው። በስኮፐስ ቆጠራ 2 የብዙኃን ጽሑፎች ሲቀነሱ 186 ጊዜ ተጠቅሰዋል፤ ከዚህ 21 ራስን መጥቀስ ነው። ኤች ኢንዴክሳቸው 7 ነው። ስለ ጡት ካንሰር ሕሙማን ዘግይቶ መምጣት የሠሩት ጥናት መጠይቅ በሌሎች ሁለት ጥናቶች ተወስዶ ጥቅም ላይ ውሏል። የተሰረዘ ጽሑፍ አልተገኘም። ቁጥሮቹ የተወሰዱት በኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።»

ረቂቁን ለኮሚቴ ከመስጠትዎ በፊት ለተመራማሪዋ ያሳዩና ሦስት ቀን ይስጧቸው። የሌላ ሰው የሆነውን ጽሑፍ ከማንም በፊት የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው፤ የጠፋውንም እንዲሁ። ሲመልሱልዎ ሠንጠረዡን በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፣ አንዱ በፍላሽ ይሁን። በሚቀጥለው ዓመት የጥቅስ ዓምዶቹንና ቀኑን ማደስ፣ አዲስ የወጡትንም መጨመር ብቻ ነው የሚቀረው፤ ያኔ በእርግጥም የግማሽ ቀን ሥራ ነው።